ከካርድ ክፍል እስከ ሰርቨር ክፍል፦ ለኦፕን ሶርስ ሲስተም አስተዳደር ሙያ የሚያስፈልጉ ክህሎቶች

(በምሩቃን ማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ደውሎ "ዶክተር፣ ዘንድሮ አንድ ንግግር እንድታቀርቢልን ነበር" ሲለኝ፣ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት መስሎኝ ሳልከራከር እሺ አልኩት። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ሌላ ምን ሊጠይቀኝ ይችላል? "አይ፣ ስለዚያ ስለ ሰርቨሩ ነገር ነው" አለኝ። "ልጆቻችን ኮምፒውተር ሳይንስ እየጨረሱ 'ምን ላይ እንሰማራ?' ይሉናል፤ አንቺ ደግሞ በዚያ በኩል ብዙ ዓመት ቆይተሻል።"

እውነቱን ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ራውንድ ዞሬ፣ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታላችንን የሕሙማን መረጃ የተሸከሙትን ሰርቨሮች ስጠብቅ ቆይቻለሁ። በትምህርት የሲስተም አስተዳዳሪ አይደለሁም፤ በመከራ ነው የሆንኩት። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከእኔ ጋር የሠሩትን ወጣት ባለሙያዎች አይቼ፣ እኔም ተሳስቼ የተማርኩትን ነው። የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል መምህራን እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስሳሳት አርሙኝ፤ ግን ከምሳ በኋላ ይሁን።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የተፈቀደ ሶፍትዌር ነው። ሊነክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ በየኪሳችሁ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊነክስ ነው። የሕሙማንን ካርድ በኮምፒውተር የሚይዘው ኦፕንኤምአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጠነሰስ የታሰበው እንደ እኛው ላለ ሆስፒታል ነው፤ መጀመሪያ ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቦታዎች አንዷ የጎረቤታችን የኬንያዋ ኤልዶሬት ናት። ጤና ተቋሞቻችን ሪፖርታቸውን የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ የሚሠራው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛን አሥራ ሦስት ወር ያለውን የዘመን አቆጣጠርም ያውቃል።

ለእነዚህ ሁሉ የፈቃድ ክፍያ የለብንም። ከክፍያ ነጻ የሆነው ግን ሶፍትዌሩ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው አይደለም። መብራት ሲጠፋ፣ ዲስክ ሲሞላ፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል። ሲስተም አድሚን የምንለው እሱን ነው።

እኔ እንዴት ገባሁበት? የኤችአይቪ ክትትል ክሊኒኩ ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። አንድ ፕሮጀክት ሁለት ሰርቨር ተክሎልን ነበር፤ ክፍሉ ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበረ እስከ ዛሬ የበረኪና ሽታ አለቀቀውም። የፕሮጀክቱ ዘመን አለቀ፤ ባለሙያው ሌላ ሥራ አገኘ። ሊሰናበተኝ የመጣ ቀን ፓስዎርዱን በማስታወሻ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈልኝና "ዶክተር፣ ምንም ችግር የለውም፤ ራሱን ችሎ ይሠራል" ብሎኝ ሄደ። እናንተ ሐኪሞች፣ "ምንም ችግር የለውም" ተብሎ ከተሰጣችሁ በሽተኛ እግዜር ይጠብቃችሁ።

ቀስ በቀስ ተማርኩ። ሌሊት ሌሊት አነብ ነበር። በየቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ የመረጃ ቋቱን ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም በራሴ እጅ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት "ባክአፕ ተሳክቷል" የሚል መልእክት ይልክልኛል። ኮራሁ። መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ብዬ የወረቀት መዝገቦቹን እንደ ሸክም አየኋቸው። የካርድ ክፍሉን ኃላፊ፣ ሁላችንም "እትዬ" የምንላቸውን፣ አንድ ቀን "እትዬ፣ እነዚህን አሮጌ መዝገቦች ዘንድሮ ኅዳር ሲታጠን ብናወጣቸው ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው። በቀልድም በቁም ነገርም ነበር። እሳቸው "እሺ ልጄ" አሉኝና አላወጧቸውም።

2009 ዓ.ም.፣ ለኅዳር 12 አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። የዋናው ሰርቨር ዲስክ ሞተ። ስልኬ ጮኸ፤ ደረስኩ። ከተማው በየደጁ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ እኔ ጢስ እየሳብኩ ሰርቨር ክፍል ገባሁ። አልደነገጥኩም፤ ባክአፕ አለኛ! የመጠባበቂያውን ዲስክ ከፈትኩ። ፋይሎቹ በየቀኑ አንድ አንድ ሆነው በሰልፍ ተደርድረዋል። የትናንቱን አየሁ፤ መጠኑ ዜሮ ባይት። ከትናንት ወዲያውን አየሁ፤ ዜሮ። ወደ ኋላ ቆጠርኩ። የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ የመስከረም 30 ነበር። አርባ አንድ ቀን ባዶ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። የመጠባበቂያው ዲስክ ሞልቷል፤ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ይፈጥራል፣ ውስጡ የሚጽፍበት ቦታ ግን የለም። "ተሳክቷል" የሚለውን መልእክትስ? እኔው ነኝ የጻፍኩት። ቅጂው መሳካት አለመሳካቱን ሳይጠይቅ፣ ሁልጊዜ "ተሳክቷል" እንዲል አድርጌ። የዋርዱን በሽተኛ ሁሉ ሳይለኩ የደም ግፊቱን 120/80 ብለው የሚሞሉ ተረኞችን ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ! ለካ እኔም ያንኑ የሚያደርግ ማሽን ሠርቼ ኖሯል።

የመስከረም 30ውን ቅጂ ጫንንና ሥራ ቀጠልን። ክሊኒኩ ሰው ሞልቶት ይጠብቃል። ስለጎደለው አርባ አንድ ቀን ለነርሶቹ በቃል ነገርኳቸው፤ በጽሑፍ ግን ምንም አላስቀመጥኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት በሽተኛችን ትንፋሽ አጥሯት፣ ነጭ ሆና መጣች። ሄሞግሎቢኗ 5። መድኃኒቷን ሳይ ዚዶቩዲን ነው። ጥቅምት ላይ ደሟ ስለወረደ አቁሜባት፣ በሌላ ቀይሬላት የነበረው መድኃኒት። የተቀየረበት ቀን ግን ከጠፋው አርባ አንድ ቀን ውስጥ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው የድሮውን ትእዛዝ ነበር፤ ነርሷም ያየችውን ሰጠች። ደም ተሰጣት፤ ተረፈች። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። "ማሽኑ ረስቶኝ ነው?" አለችኝ። "አይደለም። ማሽኑ የያዘውን መልሶ መስጠት ይችል እንደሆነ እኔ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም" አልኳት። ዝም አለች። እኔም ሌላ የምለው አልነበረኝም።

የቀሩትን ሕሙማን ያዳንናቸው እትዬ ባላወጧቸው መዝገቦች ነው። ከካርድ ክፍል ሠራተኞች ጋር ዘጠኝ ሌሊት ቁጭ ብለን አርባ አንዱን ቀን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መለስን። በዚያ መሀል እትዬ አንድ ነገር ሲያደርጉ አየሁ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ከመደርደሪያው አሥር ካርድ በዘፈቀደ መዘው ከመዝገቡ ጋር አስተያዩና መልሰው አስገቡ። "ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው። "ካርድ ተቀምጧል የሚባለው ስትፈልጊው ሲገኝ ነው ልጄ። እኔ ዓርብ ዓርብ እፈልጋለሁ።" ለሠላሳ ዓመት እንዲህ አድርገዋል። ማንም አላዘዛቸውም።

እንግዲህ ወደ ክህሎቶቹ ልምጣ፤ ስድስት ናቸው።

የመጀመሪያው እትዬ ያስተማሩኝ ነው፤ ባክአፕን ሳይሆን መመለስን መቻል። በሙያው የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጪ። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ ነው እንጂ ቅጂ አይደለም። ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው፣ የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ድርጅት፣ አንድ ባለሙያው ሌሊት ደክሞት ሳለ በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠ። ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ በሰከንዶች ውስጥ ጠፋ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ በዚያች ሰዓት አንዱም በሚገባ አልሠራም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝም። እኛ ከዚያ ኅዳር ወዲህ ዓርብ ዓርብ ቅጂውን ባዶ ማሽን ላይ እንመልሳለን፤ አሥር ሕሙማን በዘፈቀደ አውጥተን ከወረቀቱ ጋር እናስተያያለን። አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለተኛው ሂስትሪ መውሰድ ነው። ጀማሪ ባለሙያ ሰርቨር ቆመ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው አጥፍቶ ማብራት ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን ማስረጃውን ሁሉ ይዞት ይጠፋል። ሕመምተኛ ሳታናግር መርፌ እንደ መውጋት ነው። መጀመሪያ ጠይቅ፦ መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ? ሁሉም ላይ ነው ወይስ አንድ ክፍል ላይ? ከዚያ ሎጉን፣ ማሽኑ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ፣ አንብብ። ዲስኩ ሞልቷል? ሚሞሪው አልቋል? ሰርቨርም ቫይታል ሳይን አለው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ልጅ ብቻ የሚገጥመው አንድ ወጥመድ አለ። ነርሷ "ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቆመ" ትላለች። የግድግዳው ዲጂታል ሰዓት 2፡00 ይላል። ሰርቨሩ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚመዘግብ የትናንት 23፡00 ብሎ ጽፎታል። ቀኑ ለእሷ ኅዳር 12፣ ለስልኳ ኖቬምበር 21፣ ለሎጉ ኖቬምበር 20 ነው። ሁሉም እውነታቸውን ነው። አንድ ልጅ የተሳሳተውን ሰዓት ሎግ ሲያነብ ሙሉ ቀን እንደዋለ አይቻለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣልን መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው።

ሦስተኛው መሠረቱን ማወቅ ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሳይማሩ ዋርድ አይገባም። የዚህ ሙያ አናቶሚ ምንድን ነው? ፋይል የት እንደሚቀመጥና ማን ሊያነበው እንደሚችል፤ ሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚነሱና እንደሚሞቱ፤ ኔትወርክ እንዴት እንደሚገናኝ፤ ዲስክ እንዴት እንደሚከፋፈል፤ ትንንሽ ትእዛዞችን አያይዞ ፕሮግራም መጻፍ። ይህን ለመማር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የተጣለ ላፕቶፕ ላይ ሊነክስ ጫኑ፤ በውስጡ ሌላ ምናባዊ ማሽን ፍጠሩ፤ ከዚያ አበላሹት። እኛ አናቶሚ የተማርነው በሬሳ ነው። የእናንተ ልጆች ዕድለኞች ናቸው፤ የእነሱ ሬሳ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይነሳል። የምስክር ወረቀት ይጠቅማል ወይ የሚሉኝ አሉ። ተግባር የሚፈትን ከሆነ ይጠቅማል። ለምሳሌ የሬድ ሃት የአስተዳዳሪነት ፈተና መልስ የሚከበብበት አይደለም፤ ማሽን ፊት ተቀምጠው የተባሉትን አስተካክለው የሚያሳዩበት ነው። እኛ ኦስኪ የምንለው ዓይነት።

አራተኛው መጻፍ ነው። "ያልተጻፈ አልተደረገም" ብለው ያሳደጉን መምህራን እዚህ ተቀምጠዋል። ያቺ ታካሚዬ የተጎዳችው በጠፋው ዲስክ ብቻ አይደለም፤ እኔ በቃል ነግሬ ባለመጻፌም ጭምር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት በየጠረጴዛው ብለጥፍ፣ "ከመስከረም 30 እስከ ኅዳር 11 ያለውን በወረቀት አረጋግጡ" ብል፣ ያ ደም አያስፈልጋትም ነበር። በዚህ ሙያ ማንኛውም ለውጥ ይጻፋል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴትስ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሞልቷል፤ ጊት የተባለውን፣ ያንኑ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውን፣ ተማሪዎቻችሁ በመጀመሪያው ዓመት ቢለምዱት መልካም ነው። ዝርዝር መያዝም እንደዚሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥብ ብቻ ነው። በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ቀዶ ሐኪሞቹ ዕውቀት ጎድሏቸው አልነበረም፤ ሰው ሆነው ስለሚረሱ ነው። እኛም ሰርቨር ከማደሳችን በፊት የምናነባት አንድ ገጽ አለችን። የመጀመሪያዋ ጥያቄ "ያለኸው በየትኛው ማሽን ላይ ነው? ስሙን ጮክ ብለህ ተናገር" የምትል ናት። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁባት ነበር።

አምስተኛው ከማኅበረሰቡ ጋር መኖር ነው። ኦፕን ሶርስ የሚኖረው በሰው ነው። ችግር ሲገጥም የሚጠየቀው በዓለም ዙሪያ ያለ፣ አብዛኛውም ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ አጠያየቅ ራሱ ክህሎት ነው፤ ምን እንደሞከርክ፣ ምን መልእክት እንዳየህ፣ የትኛውን እትም እንደምትጠቀም በግልጽ መጻፍ። እንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ይላል፤ ማፈር ግን አያስፈልግም። ደግሞ የወሰደ ይመልስ። ስህተት ያገኘ ያሳውቅ፣ አማርኛ የሚችል ይተርጉም። አንዷ ልጃችን የአማርኛ ትርጉም ውስጥ የነበረ ስህተት አርማ ስትልክ የተደሰተችውን ስትመረቅ አልተደሰተችም።

የዚህ ሥርዓት ጥንካሬም ድካሙም በአንድ ታሪክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ሻይውን ፉት ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ለምን ብሎ ተከታተለ፤ ኤክስዜድ በተባለ ትንሽ መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ያን በር ያስገባው ከሁለት ዓመት በላይ በጨዋነት እየረዳ የጠባቂውን እምነት ያገኘ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነበር። ጠባቂው ደግሞ ፕሮግራሙን ለዓመታት ብቻውን የተሸከመ፣ የደከመ ሰው ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ፤ ትንሿን ለውጥ አለመናቅን፣ ብቻውን የሚሠራን ሰው አለመተውን።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ምስጢር መጠበቅ ነው። የሰርቨሩን ዋና ቁልፍ የያዘ ሰው የከተማውን ሰው ሁሉ ውጤት ማየት ይችላል። እኔ ሐኪም ስለሆንኩ መሐላ አለብኝ፤ የሃያ ሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ማን አስማለው? አንድ ቀን አንድ የታወቁ ሰው እሱን ለብቻው ጠርተው፣ ወንድማቸው የሚያገባት ልጅ "ክሊኒኩ ካርድ እንዳላት ብቻ" እንዲያይላቸው ጠየቁት። ብቻ! ልጁ ላብ አጠምቆት ወደ ቢሮዬ መጣ። "ዶክተር፣ እምቢ ብያለሁ፤ ግን ይቆጡኛል ብዬ ፈርቻለሁ።" "አንተ እምቢ አላልክም፤ ሆስፒታሉ ነው እምቢ ያለው" አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ሥልጣን ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ሆነ። ማን የማንን ካርድ እንደከፈተም ይመዘገባል፤ የእኔም ጭምር። በትንሽ ከተማ የአንድ ሰው ውጤት ከወጣ ትዳሩ፣ ሥራው፣ አንዳንዴም ሕይወቱ አብሮ ይሄዳል። ይህን ያልገባው ባለሙያ የቀሩትን አምስት ክህሎቶች አሟልቶ ቢገኝ እንኳ አልቀጥረውም።

ልጨርስ ነው፤ የምሳው ሽታ ለእኔም ደርሶኛል። ከዚያ በፊት ግን ልመና አለኝ።

የኮምፒውተር መምህራኖቻችን፦ ከመመረቂያ ፈተናዎቻችሁ አንዱን እንዲህ አድርጉልን። የተበላሸ ማሽንና ቅጂ ስጡት፤ ይመልስ፤ ምን እንዳደረገም በአንድ ገጽ ይጻፍ። የሕክምና ትምህርት ቤት መምህራኖቻችን፦ ሐኪሞቻችን ሰርቨር ይጠግኑ አልልም፤ ግን "ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው?" ብለው መጠየቅ ይወቁ። ይህችን ጥያቄ በ2008 ዓ.ም. አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ያቺ ሴት አትጎዳም ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሆናችሁ ጓደኞቼ፦ ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ አትስጡ። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲኖር፣ አንዱም ሲሄድ ሌላው ቁልፉን እንዲያውቅ። መደብ ፍጠሩላቸው፣ ደመወዛቸውንም አስቡበት፤ በተሰበረ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ሌሊት አትጥሯቸው።

ያ ምስጢር የጠበቀው ልጅ ባለፈው ዓመት ለቆ ሄደ። እዚያው ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠራበት፣ ደመወዙም እኛ ልንደርስበት የማንችል ሥራ አገኘ። "ዶክተር፣ እንዳላስቀይምዎት" እያለ አንድ ወር ሙሉ ደበቀኝ። እኔ ደግሞ ከፊቱ አይቼ አውቄበት ነበር። "ሂድ፤ ግን እንደ መጀመሪያው ሰው እንዳትሄድ" አልኩት። አርባ ገጽ የርክክብ ጽሑፍ አዘጋጀ። የምትተካውን ልጅ ስድስት ሳምንት አሠለጠናት። የሄደው ሐሙስ ነው። በማግስቱ ዓርብ ቅጂው እንደወትሮው ባዶ ማሽን ላይ ተመለሰ፤ አሥሩ ካርዶች ወጥተው ተስተያዩ፤ ሁሉም ልክ ነበሩ። ክሊኒኩ ውስጥ መሄዱን ማንም ልብ አላለም፤ የታወቀው ሰኞ ለቡና ስንጠራራ አንድ ስኒ ሲተርፍ ነው።

እትዬ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ያን ዓርብ ማታ ደውዬ ነገርኳቸው። "አሥሩም ተገኙ?" አሉኝ። "አሥሩም" አልኳቸው። "እንግዲያው እንተኛ" አሉ።